ቀን ሙሉ የሚደውለውና ዝም ያለው አበዳሪ

በዚህ ወር እጄ ከገቡት የአንባቢ ደብዳቤዎች አራቱ ስለ ዕዳ ናቸው። አራቱም የተጻፉት ከእንግሊዝ ነው። የአራቱም የመጨረሻ መስመር አንድ ነው፤ አደራ ስሜ እንዳይወጣ። አይወጣም።

ስኮትላንድና ሰሜን አየርላንድ ላላችሁ አንድ ነገር ላስቀድም። የምጠቅሳቸው ሕጎች የእንግሊዝና የዌልስ ናቸው። የናንተ ይለያል። ነጻ የዕዳ አማካሪ ግን እናንተም ጋ አለ።

ጥያቄ

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ማንችስተር ነው። አዛውንቶችን በየቤታቸው እየዞርኩ እንከባከባለሁ። ሁለት ልጆቼን ብቻዬን ነው የማሳድገው። የምንኖረው በኪራይ ነው። አምና የሥራ ሰዓቴ ሲቀነስ የጎደለውን በክሬዲት ካርድ መሙላት ጀመርኩ። አሁን ሁለት ካርዶች ላይ 9,200 ፓውንድ አለብኝ። ኦቨርድራፍት፣ ከባንክ ሒሳቤ በላይ ያወጣሁት፣ 1,500፣ በየወሩ እከፍላለሁ ብዬ የወሰድኳቸው ዕቃዎች 1,100፣ ለአካባቢው አስተዳደር የሚከፈለው ካውንስል ታክስ ደግሞ 1,340። የካርዱ ሰዎች በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ይደውላሉ። ስልኬ በጮኸ ቁጥር ልቤ ቀጥ ይላል። ስለዚህ ያለችኝን ለእነሱ ነው የምከፍለው። ካውንስሉ ሁለት ደብዳቤ ልኮ ዝም ብሎ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ከቤይሊፍ፣ ዕዳ ለማስከፈል ዕቃ ከሚወስደው ሰው፣ ወረቀት መጣብኝ። በመሀል ስልኬ ላይ "በመንግሥት ፕሮግራም ዕዳዎን 80 በመቶ እንሰርዛለን" የሚል ማስታወቂያ አይቼ ቁጥሬን ሰጠሁ፤ እነሱም መደወል ጀመሩ። የዜግነት ማመልከቻም ላስገባ እየተዘጋጀሁ ነበር። የዕዳ አማካሪ ጋ ልሂድ አልኩና አፈርኩ። ሄጄስ ምን እላቸዋለሁ? ያስሩኝ ይሆን?

መልስ

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ላይ ቁጥሮቹ አሉ፤ ድምሩ ግን የለም። እኔ ደመርኩት፤ 13,140 ፓውንድ ነው። አለመደመርሽ አልገረመኝም። እኔም የራሴን ለመደመር ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

የዛሬ 12 ዓመት ነው፤ ሌስተር እኖር ነበር። ፖስታ መክፈት አቁሜያለሁ። ያቺ ስሜ በመስኮቷ የሚታይባት ነጭ ፖስታ ስትመጣ ከበሩ ሥር አነሳና ቁም ሳጥን ላይ ያለ ሻንጣ ውስጥ እወረውራታለሁ። ጆሮ ዳባ ልበስ። አንድ ቀን ሻንጣው አልዘጋ አለኝ። ምክር ፍለጋ የወጣሁት ያን ቀን ነው እንጂ ብልህ ስለሆንኩ አይደለም።

ፖስታዎቹን በላስቲክ ከረጢት ሞልቼ ሄድኩ። የተቀበለችኝ ዕድሜዋ ገፋ ያለ አማካሪ ናት። ስንት ዕዳ አለብህ አላለችኝም። ለምንም አላለችኝም። ከመሳቢያዋ ትንሽ የፖስታ መክፈቻ ቢላዋ አወጣችና መክፈት ጀመረች። ትከፍታለች፣ ቀኑን ታያለች፣ ጠረጴዛው ላይ እንደ ካርታ ትደረድራለች። አርባ ደቂቃ እንዲህ ሆነ። ፖስታው 61 ነበር። 23ቱ ከአንድ የካርድ ድርጅት ብቻ የመጡ፣ ቃላቸውም ያው። አንዱን ስትከፍተው ትርፍ ከፍለሃል ተብሎ የተመለሰልኝ የመብራት ሒሳብ፣ የ48 ፓውንድ ቼክ፣ ወጣ። ጊዜው አልፎበታል! ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ።

ከዚያ ከክምሩ አራት ወረቀት መርጣ ለብቻ አስቀመጠች። ሁለቱ የቤት ኪራይ፣ ሁለቱ የካውንስል ታክስ። "ቤትህ ድረስ የሚመጡት እነዚህ ናቸው" አለችኝ። እነዚህኞቹስ አልኳት፣ የ23ቱን ክምር እያሳየኋት። "እነሱማ ይጮሃሉ።"

አሁን እኔ ራሴ በአንድ ነጻ የምክር ማዕከል ማክሰኞ ማክሰኞ በበጎ ፈቃድ አግዛለሁ። ሥራዬ ፖስታ መክፈትና ወረቀት መደርደር ነው። ቢላዋም ገዝቻለሁ። እዚያ ተቀምጬ የማየው ታዲያ አንቺ የጻፍሽውን ነው። ሰው ሁሉ ያለችውን ሳንቲም የሚሰጠው ለሚደውልበት ነው።

የካርድ ድርጅት ቢበዛ ምን ያደርጋል? ስምሽን በብድር መዝገብ ላይ ያበላሻል። ፍርድ ቤት ሊወስድሽ ይችላል፤ ያኔም አቅምሽን አስረድተሽ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ለመክፈል መጠየቅ ትችያለሽ። ክሬዲት ካርድ አልከፈልሽም ተብለሽ አትታሰሪም። ካውንስሉ ግን አይጮህም። ከማጅስትሬት ፍርድ ቤት ትእዛዝ ያወጣል፣ ከዚያ ከደመወዝሽ ማስቆረጥ ወይም ቤይሊፍ መላክ ይችላል። የኪራይ ውዝፍም እንዲሁ፤ መጨረሻው ከቤት መውጣት ነው። አማካሪዎቹ ቅድሚያ የሚሰጣቸው ዕዳዎች የሚሏቸው እነዚህን ነው። አንቺ ገንዘብሽን ስትሰጪ የቆየሽው ለተርታው ዕዳ ነው።

እስር ላልሽው፣ በካውንስል ታክስ ሰው ማሰር በእንግሊዝ ሕግ ውስጥ የቆየ ነገር ነው። ዌልስ እ.ኤ.አ. በ2019 አስቀርታዋለች። ግን እሱ እየቻለ ሆን ብሎ እምቢ ላለ ሰው ነው። ፍርድ ቤቱም መጀመሪያ አቅምሽን መመርመር አለበት። ሰዓቷ የተቀነሰባት፣ ምክር የምትፈልግ እናት እዚያ አትደርስም።

አሁን ወደ ቤይሊፉ። መጀመሪያ የሚልከው ወረቀት ቢያንስ 7 ሙሉ ቀን ይሰጥሻል፤ የመጣበትን ቀን እዪው። በሩ ላይ ከደረሰ በኋላ ሒሳብሽ ላይ ከ200 ፓውንድ በላይ ይጨመራል፤ ስለዚህ ቀኖቹ ዋጋ አላቸው። ከመጣም በር አትክፈቺለት። በመስኮት አናግሪው። ለካውንስል ታክስ የመጣ ቤይሊፍ መጀመሪያ አንቺው ካላስገባሽው በር ሰብሮ መግባት አይችልም። አንዴ ካስገባሽውና ዕቃሽን መዝግቦ ካስፈረመሽ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ሁለተኛ በግድ መግባት ይችላል። በኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት መምጣት ክልክል ነው። ቤት ውስጥ ያሉት ከ16 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ብቻ ከሆኑም መግባት አይችልም። ልጆችሽን በር እንዳይከፍቱ ንገሪያቸው። መኪና ካለሽ ከበርሽ ራቅ አድርጊው።

ይህ ሁሉ ግን ጊዜ መግዣ ነው። ዋናው ነገር ብሪዚንግ ስፔስ የሚባለው ነው። እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2021 ጀምሮ አለ። የዕዳ አማካሪ ካመለከተልሽ ለ60 ቀን ወለድ ይቆማል፣ ቅጣት ይቆማል፣ ቤይሊፍ ይቆማል፣ አበዳሪዎቹም ክፈይ ብለው እንዳይጨቀጭቁሽ ይከለከላሉ። የካውንስል ታክስ ውዝፍም ይገባበታል። በነዚያ 60 ቀናት የወሩን ኪራይና የወሩን ሒሳብ መክፈል አለብሽ። በራስሽ ማመልከት አትችይም፤ በአማካሪ በኩል ብቻ ነው። እንግዲህ ማፈሩን ለሌላ ጊዜ አቆዪው። ስትደውዪ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገርሽ "የቤይሊፍ ወረቀት ደርሶኛል" ይሁን። ያኔ ያስቀድሙሻል።

ምን እላቸዋለሁ ላልሽው፣ ብዙ መናገር የለብሽም። ከረጢቱን ይዘሽ ሂጂ። የደመወዝ ወረቀት፣ የባንክ ሒሳብ፣ የኪራይ ውል። ገቢና ወጪሽን በአንድ ቅጽ ላይ ይሞሉታል። ለምግብ ስንት፣ ለልጆች ጫማ ስንት፣ ለፀጉር ስንት ይሉሻል። እዚህ ላይ የኛ ሰው ይዋሻል፤ እኔም ዋሽቻለሁ። አባካኝ እንዳንመስል ለምግብ የማይረባ ቁጥር እንጠራለን። አማካሪዋ ቀና ብላ አየችኝና "አንተ አየር ነው የምትበላው?" አለችኝ። እያስራበሽ የሚሠራ ዕቅድ ሦስተኛው ወር ላይ ይፈርሳል። እውነቱን ንገሪያቸው።

እግረ መንገዳቸውንም ያልጠየቅሽውን ያዩልሻል። ለምሳሌ ቤቱ ውስጥ ያለሽው አዋቂ አንቺ ብቻ ነሽ፤ ልጆችሽ ከ18 ዓመት በታች ከሆኑ ካውንስል ታክስሽ 25 በመቶ ሊቀነስ ይገባዋል። ተቀንሶልሻል? ገቢሽ ዝቅ ካለም ሌላ ቅናሽ አለ። ካልተቀነሰልሽ 1,340 ካልሽው ላይ የማይገባሽን እየተጠየቅሽ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ በኋላ አማካሪው ሊያነሳልሽ የሚችለው ዴት ሪሊፍ ኦርደር የሚባለውን ነው። በአጭሩ ዲ.አር.ኦ. ይሉታል። የራሱ ቤት ለሌለው፣ ዕዳው ከ50,000 ፓውንድ ላልበለጠ፣ ወጪውን ሸፍኖ በወር ከ75 ፓውንድ በላይ ለማይተርፈው ሰው ነው። ንብረትሽ ከ2,000 ፓውንድ መብለጥ የለበትም፤ መኪና ለብቻው እስከ 4,000 ይፈቀዳል። ለ12 ወር አበዳሪዎች አይነኩሽም። ሁኔታሽ ካልተለወጠ ከዓመት በኋላ ውስጡ የገቡት ዕዳዎች ይሰረዛሉ። ድሮ 90 ፓውንድ ያስከፍል ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2024 ወዲህ ነጻ ነው። ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ለ6 ዓመት በብድር መዝገብሽ ላይ ይቆያል፣ ስምሽም ማንም ሊያየው በሚችል የመንግሥት መዝገብ ላይ ለጊዜው ይወጣል። የፍርድ ቤት ቅጣትና የተማሪ ብድር ደግሞ አይሰረዙም።

ስለ 80 በመቶዎቹ ደዋዮች አጠር አድርጌ ልንገርሽ። ሊሸጡልሽ የሚፈልጉት አብዛኛውን ጊዜ አይ.ቪ.ኤ. የሚባለውን፣ ከአበዳሪዎች ጋር የሚገባ የክፍያ ስምምነት፣ ነው። ሕጋዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1986 ከወጣው የኪሳራ ሕግ የመጣ ነው። የመንግሥት ስጦታ ግን አይደለም። 5 ወይም 6 ዓመት በየወሩ ትከፍያለሽ፤ የአስፈጻሚው ድርጅት ክፍያም የሚወጣው ከዚያው ነው። መሀል ላይ መክፈል ካቃተሽ ሊፈርስና ዕዳው ሊመለስብሽ ይችላል። ቤት ላለው፣ የተወሰነ ትርፍ ገቢ ላለው ሰው ይጠቅም ይሆናል። ወር የማይደርስላት እናት በዓመት ሊያልቅላት የሚችለውን በ6 ዓመት ስትከፍል ግን ከድጡ ወደ ማጡ ነው። የፋይናንስ ተቆጣጣሪው ሰውን ወደ እንዲህ ያለ ነገር እየመሩ ኮሚሽን የሚበሉ የዕዳ ደላሎችን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 ከልክሏል። ማስታወቂያው ግን አልጠፋም። ስልካቸውን ዝጊው። ምንም አትፈርሚ።

ዜግነትን በተመለከተ፣ ዕዳ ስላለብሽ ብቻ ማመልከቻሽ አይወድቅም። ዜግነት የሚሰጠው መሥሪያ ቤት፣ የሆም ኦፊስ፣ የመልካም ጠባይ መመሪያ የሚያየው ሰውየው ሆን ብሎ፣ ለመክፈል ሳያስብ ዕዳ ቆልሏል ወይ የሚለውን ነው። ለመክፈል የምታደርጊው ጥረት ወረቀት ላይ መኖሩ ይጠቅምሻል፤ ካውንስል ታክሱ ሳይነካ መቀመጡ ግን አይጠቅምሽም። ከማስገባትሽ በፊት ፈቃድ ያለው የኢሚግሬሽን አማካሪ ይየው።

የት ልሂድ ካልሽ፣ ሲቲዝንስ አድቫይስ አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1939 ጀምሮ የኖረ ነው። ስቴፕቼንጅ በስልክም በኢንተርኔትም ይሠራል። ናሽናል ዴትላይን አለ። መንግሥት የሚደግፈው መኒሄልፐር ደግሞ በአካባቢሽ ያለውን ይጠቁምሻል። ሁሉም ነጻ ናቸው። ብር የሚጠይቅሽ ከሆነ የተሳሳተ ቦታ ነሽ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ቋንቋ የሚያስቸግርሽ ከሆነ አስተርጓሚ ጠይቂ። ልጅሽን ይዘሽ አትሂጂ። አንድ ማክሰኞ የ12 ዓመት ልጅ ለእናቱ ሲያስተረጉም አይቻለሁ። አማካሪው የኪራይ ውዝፉ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ሲናገር ልጁ ዝም አለ። እናቱ "ምን አለ?" አለችው። "ምንም፣ ደህና ነው አለ" አላት።

ጥያቄ

ባለቤቴ የማታውቀው 7,000 ፓውንድ ዕዳ አለብኝ። የኳስ ውርርድ ነው። አማካሪ ጋ ብሄድ ለእሷ ይነግሩብኛል? ዕዳውስ እሷን ይነካታል?

መልስ

ወንድሜ፣ አይነግሩባትም። ምክሩ ሚስጥር ነው። ደብዳቤ ቤት እንዳይመጣ፣ በኢሜይል ወይም በምትመርጠው ሰዓት ብቻ እንዲያገኙህ መጠየቅ ትችላለህ። በስምህ ብቻ ያለ ካርድ ዕዳው ያንተ ነው፤ ሚስትህ ስለሆነች አትጠየቅም። የጋራ የባንክ ሒሳብ ኦቨርድራፍት ግን ሁለታችሁንም ለሙሉው ያስጠይቃል። አብራችሁ እስከኖራችሁ ድረስ ካውንስል ታክሱም እንዲሁ። የገቢና ወጪ ቅጹ ላይ ደግሞ እሷ ለቤቱ የምታዋጣው ይጠየቃል፤ እሱን ደብቆ መሙላት ይከብድሃል።

የውርርዱን ነገር ለአማካሪው ንገረው። ነውር አይደለም፤ ብዙ ሰምተዋል። ዲ.አር.ኦ. ቢታሰብልህ ይጠየቃል፤ ተጨማሪ ገደብም ሊያስከትል ይችላል። ቀጠሮህ እስኪደርስ ዛሬውኑ ሁለት ነገር አድርግ። ጋምስቶፕ ላይ ተመዝገብ፤ ፈቃድ ካላቸው የኢንተርኔት ውርርድ ቤቶች ሁሉ ለ6 ወር፣ ለ1 ዓመት ወይም ለ5 ዓመት ያስዘጋሃል። አምስቱን ምረጥ። ከዚያ ባንክህ የውርርድ ክፍያ እንዲዘጋልህ ጠይቅ። ለሚስትህ መንገሩን እኔ አልወስንልህም። ግን እኔ ጋ የጻፍክልኝ ደብዳቤ ሦስት ገጽ ነበር፤ ከጥያቄህ በቀር ሌላው በሙሉ ስለ እሷ ነው።

ጥያቄ

አማካሪዬ ዲ.አር.ኦ. ሊያስገባልኝ ነው። የልብ ጓደኛዬ 2,000 ፓውንድ አበድሮኛል። ባንኮቹ ይቅሩ፣ የእሱን ቶሎ ልክፈልና ከዚያ ላመልክት?

መልስ

እንዳታደርገው! ሐሳብህ የጨዋ ነው፤ ሕጉ ግን አንዱን አበዳሪ ከሌላው አስበልጦ መክፈል ይለዋል። ባለፉት 2 ዓመታት እንዲህ አድርገሃል ወይ ተብለህ ትጠየቃለህ፤ ማመልከቻህን ሊያስጥለው ይችላል። የጓደኛህም ዕዳ ከሌሎቹ ጋር መመዝገብ አለበት። ለእሱም ደብዳቤ ይደርሰዋል። ስለዚህ ደብዳቤው ሳይቀድምህ አንተ ሄደህ ንገረው። ዓመቱ አልፎ ዕዳው ከተሰረዘ በኋላ ግን ኅሊናህ ካዘዘህ በፈቃድህ ብትሰጠው የሚከለክልህ የለም።

ጥያቄ

ልጄ፣ ከ8 ዓመት በፊት ረስቼው የቀረሁት የካርድ ዕዳ ነበረብኝ። አሁን ስሙን ሰምቼው የማላውቅ ድርጅት ዕዳሽን ገዝቼዋለሁ፣ ክፈይኝ ብሎ ጻፈልኝ። ነገሩ እንዲያልቅ በወር 5 ፓውንድ ልስጠው?

መልስ

እናቴ፣ አምስቷንም እንዳይሰጡት። ቆይ ልክፈልህ ብለውም እንዳይጽፉለት። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው ሕግ እንዲህ ያለ ዕዳ በ6 ዓመት ይርጋ እንዲያልፍበት ያደርጋል። በመሀሉ ምንም ካልከፈሉ፣ ዕዳው የኔ ነው ብለው ካልጻፉ፣ ፍርድ ቤትም ካልፈረደብዎ ማለት ነው። ዛሬ 5 ፓውንድ ቢከፍሉና 6ቱ ዓመት ገና ያልሞላ ሆኖ ቢገኝ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። በስልክም አያናግሯቸው። ናሽናል ዴትላይን ለዚህ የተዘጋጀ የደብዳቤ ናሙና አለው፤ ሞልተው ይልኩታል። የፍርድ ቤት ወረቀት የመጣብዎ እንደሆነ ግን ዝም አይበሉ፤ መልስ የሚሰጥበት ቀን አለው። በዚያኑ ቀን አማካሪ ጋ ይደውሉ። የመጣልዎትን ደብዳቤ ከነፖስታው ያስቀምጡት፤ ማኅተሙ ላይ ያለው ቀን ያስፈልጋል።